አንድ ሜትር ርቆ የተበላ ምሳ

ባለፈው እሑድ ድሬዳዋ አጠገብ መልካ ጀብዱ፣ የባለቤቴ ዘመዶች ቤት ክርስትና ተጠርተን ነበር። ትሪው ቀረበና ሴቶቹ ዙሪያውን ተቀመጥን። ከጎኔ ያለችው የባለቤቴ ታናሽ ወንድም አዲስ ሙሽራ ናት። ገና እጇን ሳትሰድ፣ "እኔ ጠግቤያለሁ፣ ቤት ቀምሼ ነው የወጣሁት" አለች። ጉረሺ፣ አልጎርስም ተጀመረ። "ምነው፣ ተጠየፍሽን እንዴ?" ይሏታል። እሷ ትስቃለች፤ ዓይኗ ግን ሽንት ቤቱ በየት በኩል እንደሆነ ይፈልጋል። ያንን አስተያየት አውቀዋለሁ።

ሃያዎቹን እንደጀመርኩ ድሬዳዋ አንድ ልብስ ፋብሪካ ተቀጥሬ እሰፋ ነበር። የምሳ ጓደኞቼ ሃያትና መሠረት ነበሩ። ሃያት ሙስሊም ናት፤ እኔና መሠረት ክርስቲያን ነን። የፋብሪካው ሴቶች ወግ የየሰውን ምሳ ዕቃ አንድ ላይ ገልብጦ መብላት ነው። ማንም ከማንም እንዳይለይ ደግሞ ሥጋ ይዞ መምጣት የለም፤ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ በቃ። ይህን ሕግ ማን እንዳወጣው አላውቅም፣ እኔ ስቀጠር ነበር። ጥሩ ሕግ ነው። ስለ በርበሬ ግን የሚለው ነገር አልነበረም።

ሕመሜ ጨጓራ ቢሆን ኖሮ ምን ችግር ነበረው። ጨጓራ ያለበት ሰው በአደባባይ ያወራል፣ መድኃኒት ይጠቋቆማል፣ ይታዘንለታል። የእኔ አንጀት ነበር። በርበሬ የነካው ነገር ከቀመስኩ ሆዴ ይጮኻል፣ ይቆርጠኛል፣ ከዚያ ወደ ሽንት ቤት ሩጫ ነው። ይህን ለሰው ምን ብሎ ማውራት ይቻላል? እናቴም፣ "ባል ሳታገቢ ለማንም እንዳትተነፍሺ" ብላ አስጠንቅቃኛለች። ስለዚህ አንድ ቀን ጾም ነኝ፣ አንድ ቀን ጠግቤያለሁ፣ ሌላ ቀን ስልክ ተደወለልኝ እያልኩ ከፋብሪካው ግንብ ጀርባ ሄጄ ነጭ ሩዜን እበላለሁ። ኩራተኛ የሚል ስም ወጣልኝ። መሠረት በግልጽ አኮረፈችኝ፤ ሃያት ግን ቦታ ትይዝልኝ ነበር። ከሁለቱ በቀር እዚያ ሰው አልነበረኝምና እነሱን እንዳላጣ እሰጋ ነበር።

ኮሮና ሲመጣ ከሰው ሁሉ እጥፍ ፈራሁ። ጥበቃው ሙቀት መለኪያውን ግንባሬ ላይ ሲደግን ይቆርጠኛል። ተቅማጥም ምልክቱ ነው የሚል ወሬ ተነዛና ሽንት ቤት በገባሁ ቁጥር ሰው የሚቆጥርብኝ መሰለኝ። ኳራንቲን ያስገቡኛል ብዬ ተሳቀቅኩ። እናቴ በበኩሏ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ሎሚ አፍልታ ጠዋት ጠዋት ትግተኛለች። ካልጠጣሁ ቫይረሱን፣ ከጠጣሁ አንጀቴን እፈራለሁ። ሐኪም ቤት መሄድማ በሽታውን በእግር ሄዶ መፈለግ ነበር። የሚቆርጠኝ ሕመሙ ይሁን ፍርሃቱ መለየት አቃተኝ። እውነቱን ለመናገር ዛሬም አልለይም።

ከዚያ ትእዛዝ ወጣ፤ ምሳ ለየብቻ፣ አንድ ሜትር ተራርቆ። ከግቢው ኒም ዛፎች ሥር መሬቱ ላይ በነጭ ቀለም ክብ ክብ ተሠራ። ሴቶቹ ተከፉ። መሠረት፣ "ለብቻዬ እህል አይወርድልኝም" ብላ አለቀሰች። እኔ ግን ክቤ ውስጥ ቁጭ ብዬ ምሳ ዕቃዬን ከፈትኩና ሩዜንና ቅቅል ድንቼን በሰው ፊት በላሁ። ጉረሺ ያለኝ የለም፣ ኮራሽ ያለኝም የለም። ሙቀቱ ሄደ፣ በደቻቱ ወንዝ ውሃ ወርዶ ደረቀ፣ የእኔም ሆድ ዝም አለ። አገር ሁሉ በሚሰጋበት ወራት እኔ ወፈርኩ። ለሰው የሚነገር ነገር አይደለም፣ ግን ደስ ብሎኝ ነበር።

ትእዛዙ የተነሣ ቀን ሴቶቹ እልል አሉ። እኔን ገና ምንም ሳልቀምስ ቆረጠኝ። ሰበብ እያሰብኩ ወደ ግንቡ ሳመራ ሃያት አየችኝ።

"አቦ ቲጂ! ወዴት ነው? ነይ እንጂ!"

"ቤት በልቼ ነው የመጣሁት።"

"ወላሂ ውሸትሽን ነው። ነይ ቁጭ በይ።"

ሄድኩ። ሰፊ ሰሃን ላይ እንጀራ ተዘርግቷል። በአንድ በኩል ቀይ ሽሮ፣ በሌላው በኩል የድንች አልጫና ነጭ ሩዝ አለ። ቀዩ ወደ ነጩ እንዳይፈስ መሃሉ ላይ ጥቅል እንጀራ እንደ ግድብ ተጋድሟል።

"ይሄኛው በኩል ያንቺ ነው" አለች መሠረት፣ ሳታየኝ።

"ማን ነገራችሁ?"

ሃያት ሳቀች። "ድሮ ግንብ ጀርባ እየገባሽ ምኑን እንይ? አሁን ፊት ለፊታችን በየቀኑ ሩዝ ስትበዪ፣ ዓይን የለንም እንዴ አቦ? ሩጫውም እኮ ቀረ።"

መጀመሪያ ተናደድኩ። ያን ያህል ዘመን የደበቅኩትን ነገር ለካ ሁለቱ ተቀምጠው ሲያዩት ከርመዋል። ከዚያ ዓይኔ እንባ ሞላና እንዳይታይብኝ ጎንበስ ብዬ በላሁ። ግድቡ ሲርስ መሠረት በአዲስ ጥቅል ትተካዋለች። የሕመሜን ስም እነሱም አልጠሩት፣ እኔም አልነገርኳቸው። ከሰዓት በኋላ ግን እስከ መውጫ ድረስ ከማሽኔ አልተነሣሁም።

ሃያት አሁን ጅቡቲ ነው የምትኖረው፤ መሠረት ሱቅ ከፍታለች። ሰው ከአጠገቡ ያለውን ለማየት አንዳንዴ ትንሽ ራቅ ብሎ መቀመጥ ሳያስፈልገው አይቀርም፤ እኔ ከዚያ ክፉ ጊዜ ያተረፍኩት ይህን ብቻ ነው።

እሑድ ዕለት ሙሽራዋን ምንም አልጠየቅኳትም። አንድ እንጀራ ጠቅልዬ ትሪው መሃል አጋደምኩና አልጫውን ወደኛ በኩል ሳብኩት።

"ምን እየሠራሽ ነው?" አሉኝ ሴቶቹ።

"እኔ አንጀቴን ያመኛል" አልኩ፣ ሁሉም እንዲሰማ። "በርበሬ ከበላሁ ሽንት ቤት ያስሮጠኛል።"

እንዲህ ብዬ በሰው ፊት ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር። ሙሽራዋ ወንበሯን ወደኔ አስጠጋችና ከአልጫው ቆረሰች።