ሰው የማይሞትበት መጽሐፍ

ልብስ ሰፊዋ ልብ ወለድ የምታነብ ሴት አልነበረችም። ጊዜም የላት፣ ያልተለካ ነገርም አትወድም። ሥራዋ ሲያልቅ መቀሷን ሰቅላ፣ ማሽኗን ሸፍና፣ የወደቀ መርፌ እንዳይኖር ወለሉን በማግኔት ዳብሳ ትተኛለች፤ በቃ። መጽሐፍ ፍለጋ ያስወጣት ታላቅ ወንድሟ ነው።

ሰፈሩ ወንድሟን «ባለተሳቢው» ይለዋል። ዕድሜውን ሙሉ ተሳቢ መኪና ሲነዳ ኖሮ፣ ሳንባው አልታዘዝ ሲለው መሪውን አስረክቦ እሷ ዘንድ መጣ። ሚስትም ልጅም የለው። በፊት ትከሻው በር የሚያጠብብ ሰው ነበር፤ የዚያን ቀን ግን ኮቱ ሰፍቶት ነው የገባው። እሷም በዓይኗ ለካችው፤ ከጎንና ከጎኑ አራት አራት ጣት መግባት አለበት። አፏን ግን አልከፈተችም። ሰው ሲከሳ «ላጥብብልህ» አይባልም።

ሻንጣውን ስትፈታለት ከካልሲዎቹ ስር በጋዜጣ የተለበዱ መጻሕፍት አገኘች። አንዱን ገለጥ ብታደርግ፣ አንዲት የቤተ መንግሥት ወይዘሮ አንዱን የጦር አለቃ «ፈረስዎ ከእርስዎ ይልቅ ሰላምታ ያውቃል» እያለች ታሸማቅቀዋለች።

«ጋሼ! ፍቅር ነው እንዴ የምታነበው?»

«ቀስ በይ፣ ጎረቤት ይሰማል» አለ ባለተሳቢው። «ጭነት እስኪራገፍ ተራ ስጠብቅ ምን ላድርግ? ሾፌሮቹ ጋዜጣውን እያዩ ፖለቲካ የማውቅ ይመስላቸው ነበር። ክርክር ሲነሣ ዳኛው እኔ ነበርኩ።»

«ደግሞ የድሮ ፍቅር!»

«የዘንድሮውንማ በየመንገዱ አየሁት። ምኑ ያስቃል?»

እነዚያኑ መጻሕፍት ቅጠላቸው እስኪረግፍ ደጋገማቸው። በኋላ አንገቱን ደፍቶ፣ ሴት ልጅ እንደሚያስጠይቅ ጎረምሳ እያፈረ ለመናት። «አዲስ ፈልጊልኝ። ዘመኑ የድሮ ይሁን። ሴትየዋ መልስ አትጣ። ሰው ደግሞ አይሙትበት። መጨረሻውን ግን እንዳትነግሪኝ፤ ከነገርሽኝ ተኳረፍን።»

«ሐኪሙ አይድከም ብሏል። ስትስቅ ታስላለህ።»

«ሳልስቅም አስላለሁ። ቢያንስ ምክንያት ይኑረው።»

ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጀርባ አሮጌ መጻሕፍት የሚሸጥ ሽማግሌ አለ፤ የመነጽሩ አንድ እግር ተሰብሮ በላስቲክ ያሰረው። የምትፈልገውን ስትነግረው ቀና ብሎ አያት።

«የኔ ልጅ፣ የድሮ ፍቅር ያለ ሞት አይገኝም። ወይ እሱ ገደል ይገባል፣ ወይ እሷ ገዳም ትገባለች።»

«ሁለቱም ቤታቸው የሚገቡበት የለም?»

«አለ እንጂ። እሱን የገዛ ሰው ግን መልሶ አይሸጥም።»

እሷ ደግሞ ልብስን በፊቱ አታምንም፤ ገልብጣ ስፌቱን ነው የምታየው። ከላይ የሚያምር ኮት ገበሩ ስር ስንት ጉድ እንደሚደብቅ ታውቃለች። መጻሕፍቱንም እንደ ኮት ገለበጠቻቸው፤ ከመጨረሻው ገጽ ጀመረች። ቀብር ያለበትን መለሰች። የሚያለቅስ ያለበትንም መለሰች። ሠርግ ካገኘች መሃሉን ገልጣ ሴትየዋ ስትመልስ አዳመጠች፤ መልሷ ካልቆረጠ እሱንም መለሰች።

«አንቺ ቤትሽም የምትገቢው በጓሮ ነው?» አላት ሽማግሌው።

እንዲህ እየለቀመች አመላለሰችለት። ባለተሳቢው ከመቁረጫው ጠረጴዛ አጠገብ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ያነባል፣ ይስቃል፣ ያስላል፤ ወገቧ እየተለካ ያለ ደንበኛም ምን እንደሆነ ሳታውቅ አብራው ስትስቅ ሜትሩ ይዛባል። «ጋሼ፣ ሰው እየለካሁ ነው!» ትላለች። መጨረሻውን እያወቀች መርፌ በከንፈሯ እንደያዘች ሴት ዝም ማለትን ተማረች።

በኋላ ዓይኑ ደከመ። ደንበኛ ቀለል ሲል እሷ ታነብለት ጀመር። የያዙት መጽሐፍ በንጉሥ ዘመን በቅሎዬ ተሰረቀች ብላ ስለከሰሰች አንዲት ባልቴት ነው። ሊፈርድ የመጣው ዳኛ በባልቴቲቱ ምላስ ልቡ ተሰርቆ፣ እሷን ደጋግሞ ለማየት ሲል ብቻ ቀጠሮ በቀጠሮ ላይ ይሰጣል። ያገር ሰው በቅሎዋን ሲፈልግ ጫማው አለቀ።

«ሞኞች» አለ ባለተሳቢው አንድ ቀን። «እኔ ብሆን የገዛ ጓሮዋን ነበር የምፈትሸው። ይቺ ሴት ክሱ እንዲያልቅ መች ትፈልጋለች?»

የመጨረሻው ገጽ ላይ በቅሎዋ የምትወጣው በእርግጥ ከባልቴቲቱ ጓሮ ነው፤ ሰብታ፣ ሆዷ ተነፍቶ።

«ገና ነህ» አለችው፣ ፊቷን ሳታበላሽ። «ሾፌር መንገድ እንጂ ሴት አያውቅም።»

ሳቀ፤ ሳሉም ተከተለ፤ ለረጅም ጊዜ አልለቀቀውም። ያቆሙበት ቦታ ላይ የገበር ቁራጭ አስገባችና ዘጋችው።

በማግስቱ ጠዋት ውሃውን ከግማሽ በላይ መጠጣት አቃተው። ብርጭቆውን መለሰላትና፣ «እስቲ ንገሪኝ» አለ። «በቅሎዋ ተገኘች?»

እጇ ላይ የያዘችው እጅጌ ወደቀ። ይህ ሰው መጨረሻውን ጠይቋት አያውቅም። ለምን እንደጠየቃት ገባት። ከነገረችው ነገን እንደማያይ መስማማቷ ነው፤ ካልነገረችው ግን ነገ የሚሰማው ነገር ይኖረዋል። ሥራ ካላለቀ ክሩ አይቆረጥም።

«ሕጉ ተሻረ እንዴ?» አለች፣ እጅጌውን ለማንሣት ጎንበስ ብላ። «ነገ እናነበዋለን።»

«አንቺም እንደ ዳኛው ቀጠሮ ሰጠሽኝ?»

«አዎ። ባለጉዳይ ቀጠሮውን አክብሮ ይቅረብ።»

«እሺ ጌታዬ» አለና እጅ ነሣት።

አልቀረበም። የዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ እሷ ካውያ እያጋለች ጀርባዋን ስትሰጠው፣ ወንበሩ ላይ እንዳለ ትንፋሹ ቀረ። ካውያውን ነቅላ ነው ወደሱ የዞረችው፤ እንዲህ ያለች ሴት ናት።

ለቀብሩ የሚለብሰውን ኮቱን ሌላ ሰው እንዲነካው አልፈቀደችም። ስፌቱን ፈታች፣ በጠመኔ አሰመረች፣ ከጎንና ከጎኑ አራት አራት ጣት አስገባች። ልክክ አለበት። ያዩት ሁሉ «ያን ያህል አልከሳም ነበር» አሉ።

«በሰላም ነው ያረፈ፣ ምንም አልጎደለበትም» ብለው ሊያጽናኗት ሞከሩ። እሷ የጎደለበትን ታውቃለች። «ልክ ነህ ጋሼ» መባል ብቻ ነበር። የሴትየዋን ተንኮል ካገሩ ሁሉ ቀድሞ ደርሶበት፣ ማወቁን ሳያውቅ ሄደ።

ከልቅሶው በኋላ ሱቋን በከፈተችበት በመጀመሪያው ቀን ጥቁሯን እንደለበሰች ማሽኑ ፊት ተቀመጠች። ክር አላስገባችም። የገበሩን ቁራጭ ካለበት ገጽ አውጥታ፣ ወደ ወንበሩ ዞራ፣ ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች። ዳኛው ለመጨረሻው ችሎት ባልቴቲቱ ቤት ቁጭ ብሏል። ድንገት ከጓሮ በቅሎ ጮኸች።

«የጎረቤት በቅሎ ናት፣ ጌታዬ» አለች ባልቴቲቱ።

«ጎረቤት የለሽም።»

«እንግዲያው ቀጠሮ ይስጡኝና ጎረቤት ልፈልግ።»

ልብስ ሰፊዋ ሳቋ አመለጣት። አፏን በእጇ ብትይዘውም አልቆም አለ። ዚፑ የተበላሸ ቀሚስ ይዛ የገባችው የግድግዳ ጎረቤቷ ደፉ ላይ ደርቃ ቀረች።

«ውይ በሞትኩት! ጥቁር ለብሰሽ ትስቂያለሽ?»

«በቅሎዋ ተገኘች።»

«የምን በቅሎ ነው ደግሞ?»

«ጓሮዋ ነበረች። ጋሼ ነግሮኝ ነበር፤ ቀድሞ ነግሮኝ ነበር እኮ!» አለችና፣ ሳቁ ሳያባራ ልቅሶው ደረሰባት።

ጎረቤቲቱ ቀሚሱን ጠረጴዛው ላይ ጥላ አብራት ልትቀመጥ ዞር ዞር አለች። ባዶ የነበረው ያ የባለተሳቢው ወንበር ብቻ ነው። አልደፈረችም፤ ትከሻዋን ይዛ አጠገቧ ቆመች።