ኩልፎ ላይ የታጠበው የላባ ከረጢት

ወርቂቱ የዶርዜ ሸማኔ ልጅ ናት። ባሏ ሲሞትባት አርባ ምንጭ ወርዳ ወንድሟ ቤት ተጠጋች፤ እዚያ የምትጎርሰውን የወንድሟ ሚስት ትቆጥርባታለች። ለአፈር ጥናት ቡድን ምግብ አብሳይ ሆና ጉጌ ተራራ ስትወጣ ግን ድስቱም እሳቱም የራሷ ነው። ካቻምና ቡሉኮ ተጠቅልላ ድንኳን ውስጥ ስታድር የሳንባ ምች ያዛት። አለቃዋ አቶ ላቀው፣ «ደግመሽ ከታመምሽ ሌላ ሰው እቀጥራለሁ» አሏት።

ከሹፌሩ ከጋሻዬ ጋር አይዋደዱም። አንድ ቀን ወጧን ጨው በዝቶበታል ቢላት ጭልፋ ወርውራበታለች፤ ከዚያ ወዲህ ሰላምታ የለም።

በ1988 ጥር፣ ሊወጡ ሲሉ፣ አርባ ምንጭ ሴቻ ሰፈር ካለው መጋዘን ለሁለቱ ሁለት ስሊፒንግ ባግ፣ ውስጡ ገብተው የሚተኙበት የላባ ከረጢት፣ ተሰጣቸው። አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ስስ።

«እሷ ትምረጥ፣ ደረቷን ያማታል» አሉ አቶ ላቀው።

«ሽንኩርት ለመክተፍ ነው? እኔ ነፍስ ጭኜ ነው የምነዳው!» ጋሻዬ ወፍራሙን ብብቱ ውስጥ ሸጎጠ። «አንቺ ቡሉኮሽን ደርቢበት። የዶርዜ ሰው አይደለሽ? ብርዱ ያውቅሻል።»

ወፍራሙን ባለፈው ክረምት ያጠበችው ወርቂቱ ነበረች። ኩልፎ ወንዝ ወስዳ፣ እንደ ቡሉኮ ድንጋይ ላይ ወቅጣ። ላባው ተጓጉሎ ጥግ ጥጉን ያዘ። ሲጠቀለል ያበጠ ይመስላል እንጂ መሐሉ ባዶ ጨርቅ ነው። እንዳይቆጧት ለማንም አልተናገረችም።

«ጋሻዬ፣ እሱ እኮ...» አለች።

«ምን ትለፈልፍብኛለች ይቺ! መርጫለሁ አልኩ።»

«ከመረጥክ ይመችህ።»

ጉጌ ላይ ሲነጋ ሣሩ አመዳይ ለብሷል። ወርቂቱ ሳትስል ተነስታ እሳት አነደደች። ጋሻዬ ከንፈሩ ጠቁሮ፣ ጥርሱ እየተንገጫገጨ መጣ። ትኩስ አጥሚት ቀድታ ብትሰጠው እግሯ ሥር ደፋው።

«ምን አድርገሽበት ነው?»

«አጠብኩት።»

«እያወቅሽ ሰጠሽኝ?»

«ማን ሰጠህ? ነጥቀህ አይደል የወሰድከው?»

አቶ ላቀው ጥርሳቸውን እየፋቁ ሁሉንም ሰሙ። የጋሻዬን ግንባር ዳሰሱ፤ እንደ ምድጃ ይፋጃል። መፋቂያቸውን ወረወሩ።

«ሹፌር ታሞ ጥናት የለም፣ ጫኑ!» ወደ ወርቂቱ ዞሩ። «በሕመምሽ እንጂ በክፋትሽ አሰናብትሻለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር።»

«ልነግረው ነበር፣ አላስጨረሰኝም...»

«ለእኔስ? ከክረምት ጀምሮ አፍሽን ማን ያዘው?»

ወርቂቱ ድንኳኑን መንቀል ጀመረች።

ሌላ መንዳት የሚችል ስላልነበረ መሪውን የያዘው ያው ጋሻዬ ነው። ወደ ጨንቻ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ መኪናው ከእሱ ጋር የሚንቀጠቀጥ ይመስላል። በመስታወቱ ከኋላ የተቀመጠችውን ወርቂቱን አያት።

«አሁን ደስ አለሽ?»

«ገደሉን እይ» አለች ወርቂቱ፣ ድስቷን ጭኗ ላይ አጥብቃ ይዛ። «እኔን ስታይ እንዳትጨርሰን።»