ገና ያልደረሰው መድኃኒትና የሰዒድ እግሮች

ዓረብ አገር፣ ጂዛን አጠገብ፣ አሐድ አል-መሳርሐ ካለው ክሊኒክ ሥራ የጀመርኩ ቀን የነርሶች ኃላፊዋ መርፌም ጎዝም አላስያዘችኝም። በርጩማ ስባ ከአንድ ሽማግሌ እግር ሥር አስቀመጠችኝና «ጫማቸውን አውልቂ፤ በጣቶቻቸው መሃልም እይ» አለችኝ። ሕንዳዊት ናት፤ ድምጿ ዝቅ ያለ፣ ትእዛዟ ግን የማይደገም። ደሴ ተምሬ፣ ሆስፒታል ሠርቼ የመጣሁ ነርስ ነኝና ትንሽ ከፋኝ። ከሽማግሌው ጫማ ውስጥ ግን ሚስማር አወጣሁ። ሲረግጡት ውለዋል፤ አልተሰማቸውም።

በዚያው የስኳር ሕመምተኞች እግር ክፍል ቀረሁ። ስኳር እለካለሁ፣ ቁስል አጥባለሁ፣ የደነደነ ቆዳ አነሳለሁ። ቀጭን የናይለን ክር በውስጥ እግር ላይ ጫን አድርጌ «ይሰማዎታል?» እላለሁ። ነርቭ ሲጎዳ አንዳንዱ ሰው ጭራሽ አይሰማውም። አንዳንዱ ደግሞ የሌለ እሳት ይሰማዋል። ሁለተኛው ይከብዳል፤ ምክንያቱም እግሩን ብታዩት ደህና ነው።

ሰዒድ የሁለተኛው ዓይነት ነበር። የወሎ ልጅ ነው፤ በየመን በኩል አቋርጦ ገብቶ ያለ ኢቃማ፣ ማለት ያለ መኖሪያ ፈቃድ፣ የሐባብና የቲማቲም እርሻ ላይ ይሠራል። ሐባብ የሚሉት እዚህ ሐብሐብን ነው። ያመጡት የእርሻው ጌታ አቡ ሐሰን ናቸው፤ እሳቸውም እግራቸውን የሚያቃጥላቸው የስኳር ታማሚዬ ስለሆኑ በሩን ያውቁታል። ሰዒድ ጫማውን በእጁ ይዞ፣ በተረከዙ እየተራመደ ገባ።

«ምን ይሰማሃል?» አልኩት።

አማርኛ ሲሰማ ፊቱ ተለወጠ። «እታለም፣ ፍም የረገጥኩ ነው የሚመስለኝ። አንሶላ ሲነካኝ እንኳ አላስችል ይለኛል። እግሬን ከቦዩ ውኃ ውስጥ ከትቼ ነው የምቀመጥ። አብረውኝ የሚሠሩት ልጆች ይስቁብኛል።»

ጣቱን ወግቼ ስኳሩን ስለካው ማሽኑ «ከፍተኛ» ብሎ ቁጥር መስጠት አቃተው። ስኳር እንዳለበት እስከዚያ ቀን አያውቅም ነበር።

ሐኪማችን ዑስማን ወጣት ሱዳናዊ ነው። ኢንሱሊንና ለነርቭ ሕመም የሚሰጠውን ክኒን አዘዘለት። ስኳሩ እየወረደ መጣ። ማቃጠሉ ግን ጋብ አለ እንጂ አልተወውም። ሰዒድ እየከሳ፣ ዓይኑ ሥር እየጠቆረ ሄደ።

አንድ ቀን ሰዒድና አቡ ሐሰን ለክትትል አብረው መጡ። አቡ ሐሰን ስልካቸውን ለዶክተር ዑስማን ዘረጉለት። «ልጄ የላከልኝ ነው። አዲስ መድኃኒት ተገኘ ይላል። እውነት ነው?»

ዶክተሩ አነበበው። «ጥናቱ እውነት ነው» አለ። «መነሻው አንቲባዮቲክ ነው። ከእሱ አበጅተው ለካንሰር ሞከሩት። አሁን ደግሞ በትንሽ መጠን ሲሰጥ የተጎዳ ነርቭን ሕመም ያስታግስ እንደሆነ እያዩ ነው። በአይጥ ላይ። ለሰው ገና ነው።»

«ከሪያድ ይምጣ» አሉ አቡ ሐሰን። «ከሌለም ከውጭ አገር።»

«ዓሚ፣ የትም አይሸጥም። ለእርስዎም ለሰዒድም የለም» አለ ዶክተሩ። ዓሚ «አጎቴ» ማለት ነው፤ ለሽማግሌ የአክብሮት መጠሪያ።

ለሰዒድ ቃል በቃል ተረጎምኩለት። ትንሽ አሰበና ሳቀ። ሲስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። «እሳቸውም እንደኔ አጡ ማለት ነው?» አለኝ። አቡ ሐሰን ምን እንዳለ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። እሳቸውም ሳቁ።

ነገሩ ያበቃ መስሎኝ ነበር። ጥቂት ሳምንታት ቆይተው ዶክተሩ በሌለበት ቀን ሁለቱም መጡ። አቡ ሐሰን ከኪሳቸው ሁለት ትንንሽ ብልቃጥ አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አቆሙ። ውስጣቸው ነጭ ዱቄት አለ። በኢንተርኔት ያስመጣላቸው ዘመድ ነው። መለያው ላይ የመድኃኒቱ ስም፣ ከሥሩም «ለምርምር ብቻ» የሚል ተጽፏል።

«አንዱ የእኔ፣ አንዱ የሰዒድ» አሉኝ። «አንቺ መርፌ ታውቂያለሽ። በጥብጪና ውጊን። ያላ፣ በይ።»

«ዓሚ፣ አልችልም።»

«አትችይም ወይስ አትፈልጊም?» ድምጻቸው ከፍ አለ። «ይህ ልጅ አጠገቤ ሲንሰቀሰቅ የምሰማው እኔ ነኝ። ለራሴ ብቻ መች አመጣሁ?»

እውነታቸውን ነው። ክፋት ቢሆን ኖሮ እምቢ ማለት ይቀለኝ ነበር።

በርጩማዬን ወደ ሰዒድ አዞርኩ። «ስማኝ» አልኩት። «የዚህ ዓይነት መድኃኒቶች ለካንሰር ሲሞከሩ ጉበት የጎዱ አሉ። ለአንተ ምን ያህል እንደሚበቃ፣ ምን ያህል እንደሚገድል የሚያውቅ ሰው የለም። ብልቃጡ ውስጥ ያለው እሱ ራሱ መሆኑንም አላውቅም።»

«ብሞትስ፣ እታለም? እንዲህ ሆኜ ከምኖር…»

«ብትሞት ለእናትህ የምደውለው እኔ ነኝ። ምን ልበላቸው?»

አቀረቀረ። እግሮቹን አየ። ከዚያ ተነሥቶ ብልቃጦቹን በሁለት እጁ አነሣና ወደ አቡ ሐሰን ዞረ። በተሰባበረ ዓረብኛው «ዓሚ፣ እኔ ትቼዋለሁ። እርስዎም አይውሰዱት። እርስዎ ከሞቱ እዚህ አገር ማን አለኝ?» አላቸው።

አቡ ሐሰን ሺማጋቸውን ከራሳቸው አውርደው ፊታቸውን ጠረጉበት። «ኸላስ፣ በቃ» አሉ፤ ብልቃጦቹንም ከሰዒድ እጅ ወስደው ትሪዬ ላይ አኖሩ። ዶክተሩ ሲመለስ ከሚወገዱት መድኃኒቶች ጋር እንዲቃጠሉ አደረገ። የሰዒድን ክኒንም ሌላ ጨምሮ አስተካከለለት።

እኔም በእጄ ያለውን መላ ነገርኳቸው። አንሶላው እግሩን እንዳይነካ ከፍ አድርጎ የሚይዝ ነገር ያስፈልጋል፤ ሆስፒታል ውስጥ ለዚህ የተሠራ የብረት ቅስት አለ። አቡ ሐሰን በጥሞና ሰሙኝ። በሚቀጥለው ቀጠሮ ሰዒድ ተኝቶ እንደሚያድር ነገረኝ። ሽማግሌው ለቲማቲሙ የፕላስቲክ ዳስ የሚተክሉበትን ብረት በእጃቸው ቆልምመው አልጋው ላይ አስረውለታል። ለራሳቸውም አንድ ሠርተዋል።

ከዚያ ወዲህ ሲመጡ አብረው ነው። አቡ ሐሰን ጎንበስ ብለው የገዛ እግራቸውን ማየት አይችሉም፤ ሆዳቸው ይይዛቸዋል። አንድ ጠዋት መጠበቂያው ክፍል ውስጥ ሰዒድ ወለሉ ላይ ተቀምጦ የሽማግሌውን እግር ጭኑ ላይ አድርጎ በጣቶቻቸው መሃል ሲያይ አገኘሁት። «እዚህ ጋ ተሰንጥቋል፤ ለሲስተር ያሳዩዋት» ይላቸዋል። እሳቸውም እንደ ልጅ እሺ ይላሉ።

ሰዒድ በኋላ በአፈሳ ተያዘ። አቡ ሐሰን ኢንሱሊኑን በበረዶ ሳጥን ይዘው ጂዛን እስር ቤቱ በር ላይ ፀሐይ ላይ ቆሙ። ጠባቂዎቹ መጀመሪያ መለሷቸው። በማግስቱ ዶክተር ዑስማን የጻፈላቸውን ወረቀት ይዘው ተመለሱ፤ ተቀበሏቸው። ሰዒድን ከእስር ወደ አገሩ መለሱት፤ ሲገባ ደወለልኝ። አሁን በወረዳው ጤና ጣቢያ ይከታተላል። ማቃጠሉ ጨርሶ አልለቀቀውም፤ ግን ይተኛል፣ ያርሳል፣ ሁለቱም እግሮቹ ጤነኞች ናቸው። አቡ ሐሰን አሁንም እኔ ዘንድ ይመጣሉ። ስልኬን ከእጄ ተቀብለው፣ እሳቸው ከሰዒድ በለቀሟት አማርኛ፣ እሱ በተሰባበረ ዓረብኛው፣ ያወራሉ።

ለአዳዲስ ነርሶች የምነግራቸው ይህንን ነው። መድኃኒቱ ከሌለ የለም በሉ። ከተናገራችሁ በኋላ ከታማሚው አጠገብ አትነሡ።