ከሽምግልና ወንበር ተነስተው ዋስ የሆኑት ጋሽ ኬርጋ

ይህ ነገር የሆነው ባለፈው ዓመት ከፋሲካ በኋላ ነው። እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ ያልወጣው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ በአንድ መንገድ ሲሠሩ የኖሩ ሽማግሌ ለአንዲት ልጅ ሲሉ መንገዳቸውን ሲቀይሩ በዓይኔ ስላየሁ ነው። እኔ ሰው ቶሎ የማላደንቅ፣ አፌም የማያርፍ ሴት ነኝ። ቤቴል የመጋረጃ ሱቅ አለኝ፤ ደንበኞቼ ይመስክሩ። እኚህን ሰው ግን አደንቃለሁ።

እህቴ ቤዛ የቤታችን የመጨረሻ ልጅ ናት። ቀራንዮ ከእናታችን ጋር ትኖራለች። ልጅ ሆና ሳቂታ ነበረች፤ ከፍ ካለች ወዲህ ግን ነገሯ አልያዝ አለን። ዛሬ "ካንቺ በላይ እህት የለኝም" ብላ አንገቴ ላይ ትጠመጠማለች፤ በማግስቱ ስልኳን ሳላነሳ ከቀረሁ ጠላቷ እኔ ነኝ። ሁልጊዜ "ልትተዉኝ ነው" የሚል ፍርሃት አለባት። ፍርሃቱ ሲመጣባት ትጮኻለች፣ ዕቃ ትሰብራለች፣ አንዳንዴም በራሷ ላይ ትጨክናለች። ሲያልፍላት ደግሞ ቁጭ ብላ ስታለቅስ አንጀት ትበላለች።

ጸበል ወስደናታል፣ መክረናታል፣ ተቆጥተናታል። በመጨረሻ አንድ የአእምሮ ሕክምና ክሊኒክ ወሰድኳትና የስብዕና መታወክ የሚባል ሕመም እንዳለባት ነገሩን። እውነቱን ለመናገር ስሙን ሰማን እንጂ አልገባንም። ታላቅ ወንድማችን ሙሉጌታማ "ስብዕና ደግሞ ይታመማል እንዴ? ይሄ ጥጋብ ነው" አለ።

በፋሲካ ማግስት ቤዛ የሙሉጌታን ሚስት በእንግዳ ፊት ሰደበቻት። ሙሉጌታ ቆረጠ። "አገር ቤት አክስታችን ጋ ትሂድ። እማዬን ልትገድልብን ነው" አለ። አክስታችን ያለችበት አገር ሐኪሟ የለችም። ደግሞስ "ትተዉኛላችሁ" እያለች የምትሰቃይን ልጅ መኪና ላይ ጭኖ መላክ ምን ማለት ነው? እሷን የምናጣት መሰለኝ። እናታችን መላ ሲጠፋት ሽማግሌ ጠራች።

ጋሽ ኬርጋ የመጡት ያኔ ነው። መርካቶ ሲነግዱ ኖረው አሁን ሱቁን ለልጆቻቸው የተዉ፣ በሰፈራችን የታወቁ አስታራቂ ናቸው። ባልና ሚስት፣ ሸሪክና ሸሪክ፣ ወራሽና ወራሽ አስታርቀዋል። "የእኔ ጉዳይ ሁለተኛ ቁጭታ አያውቅም" ይሉ ነበር፤ አንዴ ከተቀመጥኩ እርቁ ያልቃል ማለታቸው ነው፤ ትንሽም ይኮሩበታል።

ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር እናታችን ቤት ተቀመጡ። ሁሉንም ሰሙ። ቤዛ የወንድሟን ጉልበት ስማ ይቅርታ ጠየቀች፣ ዳግመኛ ላታጠፋ ቃል ገባች፣ እነሱም እንትፍ እንትፍ ብለው መረቁን። ምሳ በላን። እኔም ተገላገልን ብዬ ወደ ሱቄ ሄድኩ።

ሳምንት አልቆየም። ቤዛ ሙሉጌታ ጋ ደወለች፤ ስብሰባ ላይ ስለነበር ስልኩን አጠፋው። ደግማ ደጋግማ ሞከረች። ሲመሽ ቤቱ ድረስ ሄዳ የመኪናውን የፊት መስታወት በድንጋይ አወረደችው።

እኛ ጋ ጥል አንድ ነገር ነው፤ የሽማግሌ እርቅ ማፍረስ ግን ሌላ ነው። ያፈረሰ ሰው ከዚያ ወዲያ የሚቆምለት የለም። ሁለቱ ሽማግሌዎች "እጃችንን ታጥበናል" ብለው ላኩብን። ሙሉጌታም "ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ" አለና የምትሄድበትን ቀን ቆረጠ።

በማግስቱ ጋሽ ኬርጋ ሱቄ መጡ። ሊቆጡኝ የመጡ መስሎኝ ቶሎ ብዬ ወንበር አቀረብኩላቸው።

"ይህቺን ልጅ የሚያያት ሐኪም አለ ብለሽኛል" አሉኝ።

"አዎ ጋሼ።"

"ውሰጂኝ።"

"ምን ሊያደርግልዎት?"

"ይቅርታ ስትጠይቅ ዓይኗን አይቻለሁ። የውሸት አልነበረም። ከልቡ ታርቆ በሳምንቱ የሚያፈርስ ሰው እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። እኔ ያልገባኝ ነገር አለ።"

ምን ልበላችሁ፣ እኛ ቤተሰቦቿ ያልጠየቅነውን ነው የጠየቁት። ቤዛን አስፈቀድናትና ከእሷ ጋር ሦስታችን ሄድን። ዶክተሯ ወጣት ናት፤ ጋሽ ኬርጋ ግን ኮፍያቸውን አውልቀው እንደ ተማሪ ተቀመጡ።

ዶክተሯ በቀላል አማርኛ አስረዳችን። የስብዕና መታወክ ዓይነቱ ብዙ ነው፤ ሐኪሞች በሦስት ጎራ ይከፍሉታል። አንዱ ሰውን መጠራጠርና ከሰው መሸሽ የሚበዛበት ነው፤ አንዱ ስሜት የሚናወጥበት፤ አንዱ ደግሞ ጭንቀትና ፍርሃት የሚገዛው። የቤዛ ከመሐለኛው ነው። "ቆዳው የተላጠ ሰው ሲነኩት እንደሚጮኽ አስቡት፤ እናንተ ዳሰስናት ትላላችሁ፣ እሷን ያቃጥላታል" አለችን። ጥጋብ ነው ወይም የአስተዳደግ ጉድለት ብቻ ነው ብሎ መፍረድ ስህተት ነው፤ ከተፈጥሮም ከኑሮም ተቀላቅሎ የሚመጣ ነው። ለሕመሙ ለራሱ የሚሆን ክኒን የለም፤ አብሮት ለሚመጣው ድብርትና ጭንቀት ግን መድኃኒት ሊሰጥ ይችላል። ዋናው ሕክምና ንግግር ነው፤ ስሜት ሲነሳ እንዴት እንደሚያዝ በየሳምንቱ መማር። "ጸሎታችሁን አትተዉ፣ ሕክምናውንም አታቋርጡ፤ ብዙዎች ይሻላቸዋል" አለች።

ጋሽ ኬርጋ ጉሮሯቸውን ጠራርገው "በስንት ቁጭታ ይድናል?" ብለው ጠየቁ።

ዶክተሯ ፈገግ አለች። "በቁጭታ አይቆጠርም አባቴ። ዓመትም ሁለት ዓመትም ሊወስድ ይችላል። እየወደቀች እየተነሳች ነው የምትሻለው።"

በታክሲ ስንመለስ አየር ጤና ስንደርስ "እኔ እኮ ጥል መስሎኝ ነው የዳኘሁት" አሉ።

ሙሉጌታን ለምነው ጉዞውን አዘገዩት። ሁለቱን ሽማግሌዎችም በግድ አመጧቸው። እሁድ ከሰዓት ሁላችንም እናታችን ቤት ተሰበሰብን። ሦስት ወንበር ለሽማግሌዎች ተደርድሯል፤ ቤዛ በር አጠገብ አንገቷን ደፍታ ተቀምጣለች። ሁሉም ፍርዱን ይጠብቃል። ጋሽ ኬርጋ ብድግ አሉ፣ ወንበራቸውን በእጃቸው አንስተው ተሻገሩና ቤዛ ጎን አስቀምጠው ተቀመጡ።

"ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ጉዳይ ሽማግሌ አይደለሁም። የቤዛ ዋስ ነኝ።"

የዳኘ ሰው ለአንዱ ወገን ዋስ አይሆንም፤ ነውር ነው። ዋስ የሆነ ደግሞ የሚያስይዘው ስሙን ነው፤ እሷ ካጠፋች የሚዋረደው እሱ ነው። አንደኛው ሽማግሌ አላስቻላቸውም።

"ኬርጋ፣ በዚህ ዕድሜህ ስምህን ልታስበላ ነው?"

"ይበላ። ስሜን ለቀብሬ ነው የማስቀምጠው?"

ሙሉጌታ ፊቱ ቀልቷል። "እና ዳግመኛ ላትቆጣ ዋስ ይሆናሉ?"

"እሱንማ አልዋስም፣ ትቆጣለች። የምዋሰው ሕክምናዋን እንዳታቋርጥ ነው። ከእናንተም የምፈልገው አለ። ስልክ ማንሳት ካልቻላችሁ መቼ እንደምትደውሉ ንገሯት። ስትጮኽ አትጩኹባት። ሂዱልኝ ካለች ሂዱ፤ ግን መቼ እንደምትመለሱ ተናግራችሁ ሂዱ፣ ባላችሁትም ሰዓት ተመለሱ። የመስታወቱን ዋጋ ቤዛ ሠርታ ትክፈል፤ መታመም ከጥፋት ነጻ አያወጣም። አገር ቤት መሄድ ግን የለም።"

ቤዛ ሻሿን አፏ ላይ ይዛ አለቀሰች። እናታችንም እኔም ተከተልን። ሙሉጌታ "እናያለን" ብሎ ወጣ፤ ግን አልላካትም።

ከዚያ በኋላ ሁሉ ነገር ሰመረ ብላችሁ ዋሸሁ። ክረምት ላይ ቤዛ በሆነ ባልሆነው ተነስታ ጋሽ ኬርጋን ራሳቸውን "እርስዎም አንድ ቀን ይተዉኛል! ይውጡልኝ!" አለቻቸው። በዚያ ዝናብ ጃንጥላቸውን አንስተው "እሺ ልጄ፣ እሄዳለሁ። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ እመጣለሁ" አሉ። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ መጡ። ሌላ ጊዜም ሰደበቻቸው፤ ሌላ ጊዜም መጡ። በእድር ስብሰባ ላይ "የእብድ ዋስ" እያሉ ያሾፉባቸው ነበር። እኔ ብሆን የሚሉኝን አንድ በአንድ እመልስላቸው ነበር፤ እሳቸው ግን ከነሱ ጋር ይስቃሉ።

ቤዛንም ሳላደንቃት አላልፍም። አንድም ሳምንት ሕክምናዋን አላስታጎለችም። ሲነሳባት ፊቷን በቀዝቃዛ ውሃ መታጠብ፣ እስከ ዋናው መንገድ በእግሯ ደርሳ መመለስ፣ "ተናድጃለሁ" ከማለት በፊት "ፈርቻለሁ" ማለትን ተማረች። ለኛ ቀላል ይመስላል። እሷ ግን የምትታገለውን እኔ አንድ ቀን አልችለውም።

ባለፈው ወር ጋሽ ኬርጋ የዓይን ቀዶ ሕክምና አደረጉና ከቤት እንዳይወጡ ታዘዙ። በዚያው ሰሞን እናታችን ደወለች፤ ቤዛ በር ዘግታ ትጮኻለች። እሳቸው የሉም። ቸገረኝና ለሙሉጌታ ደወልኩ፤ ደውዬም ፈራሁ። ስደርስ እሱ ቀድሞኝ በሯ ላይ ቆሟል።

"ሂድ ከዚህ! አንተ አይደለህ እንዴ ልታባርረኝ የነበርከው!" ትላለች ከውስጥ።

እውነቷን ነው። አሁን ይፈነዳል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

"እሄዳለሁ ቤዚ" አላት ቀስ ብሎ። "ነገ በምሳ ሰዓት እመጣለሁ።"

ከዚያ በአጠገቤ አልፎ ሄደ። ዓይኑ እንባ ሞልቶ ስለነበር አላናገርኩትም።

በማግስቱ ሱቁን ዘግቼ እናታችን ቤት ዋልኩ። ቤዛ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ የማትጠብቅ ትመስላለች፤ ግን መኪና ባለፈ ቁጥር አንገቷ ይዞራል። የምሳ ሰዓት ሲደርስ የሙሉጌታ መኪና መጣ። ሳያንኳኳ ቤዛ ወጥታ የግቢውን በር ከፈተችለት።

"ትናንት ፈርቼ ነው" አለችው።

"አውቃለሁ" አላት።

ያን ሰው ሠላሳ ምናምን ዓመት አውቀዋለሁ፤ እንዲህ ያለ ቃል ካፉ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም።

የዚያኑ ዕለት ማታ ጋሽ ኬርጋን ልጠይቃቸው ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው። አንድ ዓይናቸው ታሽጓል። እስክጨርስ ሰሙኝና እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው አመሰገኑ።

"እንግዲህ እኔ ብሞትም ዋስ አላት" አሉኝ።