ያጠብኳቸው ብሎኖች

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት ከገበያ ስመለስ... ባሌ ግቢያችን ውስጥ የመኪናችንን ኮፋኖ ከፍቶ ሆዷን ሲዘረግፈው ደረስኩ።

እንዴት እንደደነገጥኩ! በማግስቱ እሁድ የልጄ ልጅ ክርስትና ነው፣ ሁሩታ። ሕፃኗ ሰማንያ ቀኗ ሞልቷል። ከአዳማ ሌሊት ካልተነሳን አንደርስም፣ በዚያ ሰዓት ደግሞ ሚኒባስ የሚባል ነገር የለም። ዳቦው፣ የሕፃኗ ነጭ ልብስ፣ ክርስትና እናቷ ሳትቀር... ሁሉም የሚሄደው በዚችው አሮጌ መኪና ነው።

«ተስፋዬ፣ ሰው በክርስትና ዋዜማ መኪና ይፈታል?»

«አስኒ፣ ከዴራ በኋላ ያለውን ዳገት በዚህ ሳሏ ትወጣዋለች ብለሽ ነው? አየር አጥሯት ነው። የአየር መሳቢያዋን ብቻ ነው የምቀይረው፣ አንድ ሰዓት አይፈጅም።»

የገዛው ዕቃ ኦርጅናል አይደለም፣ ሌላ ፋብሪካ አስመስሎ የሠራው ነው። ያብረቀርቃል፣ አልሙኒየም ነው፣ የቧንቧ ዘመድ ይመስላል። እኔ ከመኪና የማውቀው በር መዝጋት ነው፣ እሱንም «ቀስ ብለሽ!» እየተባልኩ። ትቼው ወደ ቤት ገባሁ።

ትንሽ ቆይቶ በዕቃውና በሞተሩ መሃል የሚገባ ማሸጊያ ጎደለኝ ብሎ ወደ መለዋወጫ ሱቅ ሄደ። እኔ ግቢውን ልጥረግ ብዬ ስወጣ መሬት ላይ የማካሮኒ ካርቶን አየሁ። ካርቶኑ ተበሳስቶ በየቀዳዳው ዘይት የጠጣ፣ አፈር የለበሰ ብሎን ተሰክቷል። ስምንት ናቸው።

አሳዘኑኝ። አዲስ ዕቃ ገዝቶ በዚህ ቆሻሻ ሊያስረው ነው? ነቃቀልኳቸውና በሳሙና አሸት አሸት አድርጌ፣ በጨርቅ አድርቄ፣ ረጅሙን ከረጅም፣ አጭሩን ካጭር ለይቼ በሳህን ደረደርኩለት። ካርቶኑንም ቀዳድጄ ጣልኩት። እውነቱን ልንገራችሁ... ሲመጣ ያመሰግነኛል ብዬ በር በሩን ሳይ ነበር።

መጣ። ሳህኑን አየ። መሬቱን አየ። እኔን አየ።

«ካርቶኑስ?»

«ጣልኩት። ምን ያደርግልሃል?»

አልጮኸም። እኔ ስንት ዓመት የለመድኩት ጩኸቱን ነው። ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ራሱን ያዘ። ያኔ ፈራሁ።

«አስኒ... የትኛው ብሎን የት እንደነበረ ካርቶኑ ላይ ስዬ ነው የሰካኋቸው። ቁመታቸው ይለያያል።»

«ታዲያ በቁመት ለይቼልሃለሁ እኮ!»

ይሄን ስለው ይሳቅ ያልቅስ እስካሁን አላወቅኩም።

እንዳስረዳኝ ከሆነ፣ ረጅሙ ብሎን አጭር ቀዳዳ ውስጥ ከገባ ጫፉ ታች ይደርስና ዕቃውን ሳያጠብቀው ይቀራል። ልጫነው ካሉት ወይ ብሎኑ ይሰበራል ወይ ዕቃው ይሰነጠቃል። አጭሩ ደግሞ ረጅም ቀዳዳ ከገባ በሁለት ጥርስ ብቻ ይንጠለጠልና የሞተሩን ጥርስ በልቶ ይወጣል። እኔ ከዚህ ሁሉ የገባኝ አንድ ነገር ነው... ክርስትናው ሊቀርብን ነው።

እሱ በግምት ልሞክር ብሎ አንዱን አስገባና ቺያቬ የሚለውን መፍቻ አንስቶ ማጥበቅ ጀመረ። ብሎኑ ሲጥ... አለ። ወዲያው ካጥሩ ማዶ ድምፅ መጣ።

«ሱታ! ሱታ! ቀስ በል አንተ!»

ጎረቤታችን ኦቦ ገመቹ ናቸው፣ ዕድሜያቸውን በከባድ መኪና ጥገና የጨረሱ አባት። ከዘራቸውን ይዘው ገቡ።

«በጣት ያልጀመረ ብሎን በቺያቬ ይገባል ያለህ ማነው?»

«እሷ አጥባብኝ እኮ ነው ኦቦ ገመቹ፣ ቦታቸው ጠፋኝ።»

«አጠበቻቸው? ብሎን?»

«በሳሙና» አልኳቸው፣ የሚያድነኝ መስሎኝ።

ከዚያ ሁለቱ ተያያዙ። አንዱ ረጅሞቹ ከላይ ናቸው ይላል፣ ሌላው ከታች ናቸው ይላል። ፀሐይዋ እየሄደች ነው። እኔ ግራ ገብቶኝ ቆሜ፣ ቆሜ...

«ቆይ፣ ቀዳዳው ምን ያህል እንደሚወርድ ለምን አትለኩትም?»

«በምን?»

እኛ ሰፈር ውሃ ሲጠፋ በርሜሉ ውስጥ ስንት እንደቀረ እንጨት ከተን ነው የምናየው። ይሄ ምን ልዩነት አለው? ከመጥረጊያው አንድ ስንጥር መዘዝኩ። ያን ብሎን ፈትተው ዕቃውን ቦታው ላይ አስተካክለው ያዙልኝ። ስንጥሯን በቀዳዳው እስከ ታች ሰድጄ፣ ከላይ በጥፍሬ ይዤ አወጣኋትና ከብሎኖቹ ጋር አስተያየኋት። ከስንጥሯ ትንሽ አጠር ያለው የዚያ ቀዳዳ ነው። እንዲህ እያልን ስምንቱም ቤታቸውን አገኙ።

ኦቦ ገመቹ ግን ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ያን ያጠብኩትን ብሎን አንድ ባንድ ዘይት ቀቡት! «እንዳይነክስ ነው ልጄ» አሉኝ። ታዲያ መጀመሪያ ለምን ተናደዳችሁብኝ?

ተስፋዬ ሁሉንም በጣቱ አስገባ። ከዚያ ከመሃል ወደ ዳር ትንሽ ትንሽ እያለ አጠበቀ። ኦቦ ገመቹ ከላይ ቆመው «ይበቃል! ይበቃል አልኩህ!» ይላሉ። ቁልፉን አዞረ... ተነሳች። አላሳለችም።

ሌሊት ወጣን። ዳገቱን ስንወጣ እኔ ጸሎት ላይ ነበርኩ፣ እሱ ያፏጫል። ካህናቱ ሳይጀምሩ ደረስን፣ ሕፃኗን እኔው ታቅፌ ገባሁ።

ምሳ ላይ የልጄ ባል ጠየቀው። «አባባ፣ እንዴት አንድ ብሎን ሳይሰበርብዎት መሳቢያውን እቤት ቀየሩት?»

ተስፋዬ ጉሮሮውን ጠረገ። «ቀላል ነው ልጄ። መጀመሪያ ብሎኖቹን በሳሙና አጥበህ በቁመት መለየት ነው። ከዚያ ቀዳዳውን በስንጥር መለካት...»

እንጀራው አፌ ውስጥ ቀረ።

ቅዳሜ አዳማ ላይ ጥፋት የነበረው እሁድ ሁሩታ ላይ የሱ ሙያ ሆኖ ቁጭ አለ... የባል ነገር የገባችሁ ካላችሁ እስቲ እኔንም አስረዱኝ።