አባይነሽና የአዲስ አበባ ከፍታ

መቱ ገበያ በርበሬ የምትሸጠውን አባይነሽን ያስፈራት ውሸት ቢሆን ኖሮ ይሄን ያህል አልናደድም ነበር። ያስፈራት እውነት ነው። ጋሼ ሸዋንግዛው ያወሩት እውነት።

ጋሼ ሸዋንግዛው ጡረተኛ ናቸው። ከሬዲዮና ከመጽሔት የለቀሙትን ወሬ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ እየጠየቁ ሰው ማስገረም ይወዳሉ። እኛም እናበረታታቸዋለን፤ ካርታው ሲሰለች ሌላ ምን አለ? የዚያን ቀን ሰፈራችን ለቅሶ ነበር። አባይነሽ ከዕድር ሴቶች ጋር ሆና ንፍሮ ታድላለች። እሳቸው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ለመሆኑ አዲስ አበባ በዓለም ላይ እጅግ ከፍ ብለው ከተቆረቆሩት ዋና ከተሞች አንዷ መሆኗን ስንታችሁ ታውቃላችሁ? ከባሕር በላይ ከሁለት ሺህ ሦስት መቶ ሜትር ያልፋል! አየሩ ስስ ነው። ከቆላ አገር የመጣ ዲፕሎማት ደረጃ ሲወጣ ያለከልካል። ያውም ጤነኛው! ልቡ የደከመማ...» ብለው እጃቸውን ወደ ሰማይ ወረወሩ። ድንኳኑ በሳቅ ሞላ።

አባይነሽ የንፍሮውን ሰሃን መሬት ላይ አስቀመጠች። ልቧ የደከመው እሷ ነበረች። በዚያው ሳምንት ሐኪሙ ልቧ ውስጥ ያለው መዝጊያ በደንብ እንደማይገጥም ነግሯት፣ ለአዲስ አበባ ሪፈር ጽፎላት ነበር። ይህን ከጎረቤቷ ከቢሊሴ በቀር ማንም አያውቅም።

ከዚያ ወዲያ አልሄድም አለች። እግሯ እያበጠ፣ ትራስ ካልደራረበች መተኛት እያቃታት፣ አልሄድም። አውቶቡስ ጥሩምባ ሲነፋ ትደነግጣለች። ቢሊሴ ስትጨቀጭቃት «እዚያ ደርሼ ትንፋሽ ቢያጥረኝ ማን ያወርደኛል?» ትላለች፤ የሚያመልጣት ነገር ያለ ይመስል ደረቷን በመዳፏ ይዛ።

እኔን የሚያቃጥለኝ ይሄ ነው። አዋቂ ነኝ ባይ ሁሉ ወሬውን ይዘረግፋል እንጂ፣ ማን እየሰማኝ ነው ብሎ ዞር ብሎ አያይም!

ቢሊሴ ግን እንደ እኔ ተቃጥላ የምትቀር ሴት አይደለችም። ሽማግሌውን ከተቀመጡበት አስነስታ አባይነሽ ቤት አስገባቻቸው።

«ያ ረቢ! በሉ ጋሼ፣ ያሉትን ይመልሱ!»

«ምኑን ልመልስ? ከተማዋን ዝቅ ላድርጋት?» አሉ። ያበጠውን እግር ሲያዩ ግን ድምፃቸው ወረደ። «መታመምሽን መች አወቅሁ፣ አባይነሽ።»

«ቢያውቁ ኖሮ ከተማዋ ዝቅ ትል ነበር?» አለቻቸው አባይነሽ።

ቢሊሴ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። «ቆይ እስቲ አባይ። ሁልጊዜ የምታወሪልኝ ደላንታ፣ ውሃው ጠዋት በረዶ ሆኖ የሚገኝበት፣ የተወለድሽበት አገር፣ እሱ ቆላ ነው እንዴ?»

ጋሼ ሸዋንግዛው ቀና አሉ። «የደላንታ ልጅ ነሽ? ደላንታማ ከአዲስ አበባ በላይ ነው! ያውም በብዙ!»

አባይነሽ አልሳቀችም። «ያኔ ልቤ ጤነኛ ነበረች» አለች።

አባይነሽ በሰባ ሰባቱ ድርቅ፣ ልጅ ሆና፣ በጭነት መኪና ተጭና ወደዚህ አገር ስትወርድ እናቷ አጠገቧ ነበረች። ሰፈራ ጣቢያው በገቡ በመጀመሪያው ክረምት እናቷን ወባ ወሰደቻት። ይህንን ከቢሊሴ በቀር ለማንም አንስታ አታውቅም።

«እናቴ ያን ሁሉ ዳገት ስትወጣ ኖራ የሞተችው ቁልቁል ወርዳ ነው» አለች። «እዚህ ብቀመጥም መሞቴ አይቀርም። እሄዳለሁ። ግን ጋሼ፣ እርስዎም አብረውኝ ይሄዳሉ። ያስፈሩኝ እርስዎ ነዎት፤ አጠገቤ ቁጭ ይላሉ።»

«እኔ?» አሉ። ፊታቸው አመድ መሰለ። ለካስ እኚያ ሰውዬ አዲስ አበባን ረግጠዋት አያውቁም!

ሄዱ። ቢሊሴም ከኋላቸው ወንበር ላይ ሆና አብራቸው ሄደች፤ የነገረችኝ እሷ ናት። ግቤን ተሻግረው አውቶቡሱ ዳገቱን ሲያያዘው አባይነሽ ዓይኗን ጨፈነች፤ የሽማግሌውን ክንድ በጥፍሯ ጨመደደች።

«ጋሼ፣ ስንት ሜትር ደረስን?»

ጋሼ ሸዋንግዛው በመስኮቱ ወደ ገደሉ አዩና ቶሎ ፊታቸውን መለሱ።

«አላውቅም ልጄ» አሉ። «ብቻ አጥብቀሽ ያዢኝ።»