በየማለዳው የምንልከው ድምፅ

የሴት ልጄ አስተማሪ አስጠራችኝ። ልጄ መሃላችን ተቀምጣ ታስተረጉማለች። ሴትዮዋ ብዙ ተናገረች፤ ልጄ ግን «ሊቼኦ ይከብዳታል፣ የሙያ ትምህርት ቤት ይሻላታል አለች» ብላ አቀረቀረች። ለዩኒቨርሲቲ የሚያዘጋጀው ሁለተኛ ደረጃ፣ ሊቼኦ፣ መግባት ሕልሟ ነው። እኔ ከማስታምማቸው አዛውንት እመቤት፣ ከሲኞራ፣ የተማርኩት የወጥ ቤትና የመድኃኒት ጣልያንኛ ብቻ ነበር።

ደጅ ስንወጣ «በሚቀጥለው ቀጠሮ እኔ ነኝ የምናገረው» አልኳት።

«እማዬ ደግሞ! ማን አስተምሮሽ?»

ሐሙስ ከሰዓት እረፍቴ ነው። ሮም፣ ፒኜቶ ሰፈር፣ ጣልያንኛ በነፃ የሚያስተምሩበት ቦታ ገባሁ። አብረውኝ የሚማሩት አብዛኞቹ ቻይናውያን ናቸው። ለእነሱ ሐሙስ ብቻውን አይበቃም። አንዲት ቻይናዊት መምህርት በስልክ ቡድን አቋቁማላቸዋለች፤ ማለዳ ማለዳ ሁሉም የዕለቱን ዓረፍተ ነገር በድምፁ ቀድቶ ይልካል። ያልላከ ሰው በሁሉም ፊት ይታወቃል። የተበላሸውን ቃል ስልኩ ራሱ ቀይ ያደርገዋል። አስገቡኝ ብዬ ለመንኩ፤ አስገቡኝ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

የቤተ ክርስቲያን እህቶቼ ሳቁብኝ።

«ጣልያንኛ ከቻይና? ሮም ተቀምጠሽ?»

«ቫ ቤኔ፣ እሺ፣ ሳቁ» አልኳቸው። «ብቻ ለልጄ ጸልዩላት።»

እኔ ጸሎቴን ሳላደርስ ስልክ አልነካም። አንድ ማለዳ ግን መቅጃው ሳላውቅ ተከፍቶ ኖሮ፣ ውዳሴ ማርያም እያደረስኩ ቀዳኝ። ደንግጬ ስነካካው ጭራሽ ተላከ። ሳልሰርዘው፣ ምግብ ቤት የሚሠራ አንድ ቻይናዊ የዕለቱ ትምህርት መስሎት በራሱ ድምፅ ደግሞ ላከው። «ሰላም ለኪ» ሲል ስሰማው ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ።

መምህርቷ በቀላል ጣልያንኛ ጻፈችልኝ፦ «ይህ ድምፅ የአንቺ ነው? ታዲያ ጣልያንኛውን ለምን ታንሾካሹኪያለሽ?»

እውነቷን ነው። በጸሎት ማንንም አልፈራም። በጣልያንኛ ግን የሰው ቤት እንደገባሁ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ጮክ ብዬ ላክሁ። ቀይ ሲሆን ደገምኩ። ሲኞራ ከአልጋቸው ሆነው «ዛሬ ደግሞ ከማን ጋር ነው የምትጣይው?» ይሉኛል።

ቀጠሮው ደረሰ። ልጄ ልታስተረጉም አፏን ስትከፍት እጇን ያዝኩ።

«ልጄ ሊቼኦ ትገባለች» አልኩ፣ በጣልያንኛ፣ በጸሎት ድምፄ።

«ሲኞራ፣ በጣም ይከብዳታል» አለችኝ አስተማሪዋ።

«ይክበዳት። እኔም ከብዶኛል፤ ግን ይኸው እየተናገርኩ ነው። ምርጫው የቤተሰብ ነው። እኛ መርጠናል።»

አስተማሪዋ እስክሪብቶዋን አነሳች። «አሎራ፣ እንግዲያው ሊቼኦ» እያለች ጻፈች። ልጄ እጄን አልለቀቀችም።

በማግስቱ ማለዳ ለቡድኑ ያንኑ ዓረፍተ ነገር ላክሁ። አንዱ ቃል ቀይ ሆነ። አላረምኩትም። የምግብ ቤቱ ሰውዬ ወዲያው ተቀብሎ ደገመው፦ «ልጄ ሊቼኦ ትገባለች።»

እሱ ልጅ ቀርቶ ገና ሚስት እንኳ የለውም። ለሁሉም ተመስገን።